በቅርብ ቀን፦ ገላና

የናፍታሊን ሽታ አልወድም። ልብስን ከብል ያድናል ብለውኝ ነው ሳጥኔ ውስጥ ማስቀመጥ የጀመርኩት። አሁን ግን ክዳኑን ባነሳሁ ቁጥር ቶሎ መልሼ እዘጋዋለሁ፤ ምክንያቱም ከነጠላዎቹ ሥር፣ በሁለት ፌስታልና በአንድ ፎጣ ተጠቅልሎ፣ የሠርጌ የቪዲዮ ካሴት አለ። ካሴቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወንድሜ ይመር አለ። እኔ ባገባሁ ዕለት ከጭነት መኪና ጣራ ላይ ሲዘል የተቀረጸው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ፎቶግራፍ አለኝ፤ በሁለቱም ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ተገትሯል። ይመር ቀጥ ብሎ መቆም የማይሆንለት ልጅ ነበር። ፎቶዎቹን ሳይ የጎረቤት ልጅ ይመስለኛል።

በቀደም ከሰዓት በኋላ ልጄ ኢፋ ጓደኛውን ሌሊሴን አስከትሎ መጣ። ሌሊሴ ቴኳንዶ የምትሠራ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጥፍር አድርጋ የምታስር፣ ቤቴ ስትመጣ ሁልጊዜ የወንበር ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ልጅ ናት። «አከም ጅርቱ፣ አዴ» ብላ ጎንበስ አለች። ኢፋ ገና ሳይቀመጥ «ሀርሜ፣ አንድ ነገር እንለምንሽ ነበር» አለኝ። «ሀርሜ» የሚለኝ ሲለምን ነው፤ በሌላው ቀን «እማ» ነኝ።

«ገላናን ፊልም ልናደርገው ነው» አለ። «በስልክ ቀርጸን የለቀቅናትን ቁራጭ ብዙ ሰው አይቷታል። ከጊምቢም ከአርጆም ‹ሙሉው መቼ ነው?› እያሉ ይጽፉልናል። እና… ካሴቱን ብትሰጪን…»

«የቱን ካሴት?» አልኩት፣ እያወቅሁ።

«እማ!»

«ዲሪባ ነው የነገራችሁ አይደል? አፉን አይዘጋም ያ ሰውዬ።»

ሌሊሴ ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፏን በእጇ ያዘች።

ገላና በሥዕል የተነገረ ታሪክ ነው፤ የዛሬ ልጆች የሚያውቁት ከስልክ ላይ ነው። አንድ ሰው ያረጁትን ገጾች ፎቶ እያነሳ በትኖላቸው ነው። እኛ ያወቅነው በእጃችን ነው። ጠርዙ የተበላ፣ የሻይ ብርጭቆ ክብ ያረፈበት፣ ከእኛ በፊት ስንት ሰው በአውራ ጣቱ የገለጠው ወረቀት ነበር። የሠራው ዲሪባ ታፔላ ጸሐፊው ነው። የዚያን ጊዜ ነቀምት ውስጥ የሥጋ ቤት በሬ ቢሆን፣ የጸጉር ቤት ማበጠሪያ ቢሆን፣ የልብስ ሰፊ መቀስ ቢሆን የዲሪባ እጅ ያላረፈበት አልነበረም። ዝናብ ሲገባ ግን ውጭ መቀባት አይቻልም፤ ክረምቱን ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ገላና የተወለደው ከዚያ ሥራ መፍታት ነው። አዲስ ገጽ የሚወጣው ሰኔ ሲገባ ነበር፤ በመናኸሪያው አጠገብ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ፎቶ ኮፒ ያነሳዋል፣ የመኪና ረዳቶች ይዘውት ይሄዳሉ፣ ሳምንት ሳይሞላው ጊምቢ ገብቷል ይባላል። አንዱን ገጽ በሽልንግ እንገዛ ነበር። በዚያ ሽልንግ ሁለት ፓስቲ ይበላ እንደነበር አልረሳም፤ ብዙ ቀን ፓስቲው ይቅርብኝ ብያለሁ።

ገላና የጭነት መኪና ረዳት ነው። ወንዝ ሊወስደው የነበረን አንድ ቻይናዊ መንገድ ሠሪ አድኖ፣ ሰውዬው ለውለታው የእግርና የእጅ ትግል አስተማረው። ጥቁር ቀበቶው ከመኪና ጎማ ውስጠኛው ላስቲክ የተቆረጠ ነው። ዘመድ የለውም፤ እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም፣ ማንም። ቀድሞ አይመታም። ደግሞ ከመደባደቡ በፊት ሸሚዙን አውልቆ፣ አራት አድርጎ አጥፎ፣ መኪናው ላይ ያስቀምጣል። ጎረምሶቹ የሚወዱት እርግጫውን ነው፤ እኔ ያችን የሸሚዝ አጣጠፍ ነበር የምወዳት። ልብሱን የሚያጥፍ ጀግና ሌላ አላየሁም። ሲናደድ በኦሮምኛ ይናገራል፣ ሲያዝን በአማርኛ። እኔ ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩ እየረዘመ መሀል ላይ ይጠፋብኝ ነበር። ገላና አፍ ላይ ያለው ግን አጭር ነው። «ቁም!» «አልነካሁህም፤ አትንካኝ።» እሱን እያነበብኩ ነው ማንበብ ያልፈራሁት። ዛሬ ይህን የምጽፈውም በዚያ ድፍረት ነው።

እኔና ይመር የወሎ ልጆች ነን። በድርቁ ጊዜ ከወላጆቻችን ጋር መጥተን አንገር ጉቲን ሰፈርን። እናታችንን ወባ ወሰደብን፤ ከዚያ አባታችን ሁለታችንን ነቀምት ባኬ ጃማ ወደምትኖር አክስታችን ላከን። ይመር ያኔ ገና ጥርሱን የሚቀይር ነበር። እናት ሆንኩት ማለት ይከብደኛል፤ እኔም ልጅ ነበርኩ። ግን ጠዋት ሲወጣ «ቀስ በል» የምለው እኔ ነበርኩ፣ ሲገባ ጉልበቱን የማየው እኔ ነበርኩ። እስኪያድግ ድረስ አልተውኩትም። አድጎ የመኪና ረዳት ሲሆን፣ ኤንትሬ በሚሉት የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ሲሄድ እያየሁ፣ «ቀስ በል!» እላለሁ፤ እሱ እጁን ለቆ ያጨበጭብልኛል።

የሚወደው ነገር ሁለት ነው፤ መኪናና ቪዲዮ ቤት። ቪዲዮ ቤቱ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ ነበር። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ፣ አግዳሚው የሚወጋ፣ ድምፅ ማጉያው ውጭ የተሰቀለ። ጩኸቱን እየሰማሁ አልፋለሁ እንጂ ብዙ አልገባሁም፤ ሴት ልጅ ገባች ይባላል። ካራቴ ሲያሳዩ አንድ ልጅ ፊት ቆሞ የማያውቀውን ቋንቋ ያስተረጉማል። «አባቴን የገደልከው አንተ ነህ!» ይላል፤ ሁሉም ፊልም ላይ እንዲሁ ነው የሚለው። ጎረምሶቹ ቱታ ከላይ እስከ ታች ይለብሳሉ፣ ሶሉ የሳሳ ጥቁር የጨርቅ ጫማ ያደርጋሉ፣ ያኔ ኩንግፉ ጫማ ነበር የምንለው። በጭቃ ቀን ያ ጫማ ምን እንደሚሆን ማንም የነቀምት ሰው ያውቃል። ከፊልሙ ሲወጡ ጥያቄያቸው አንድ ነበር። «ለምንድን ነው ገላና ፊልም የማይሆነው?» ዲሪባን ሻይ እየጋበዙ ይጠይቁታል፤ እሱም እየጠጣ «ይሆናል» ይላል። በመጨረሻ የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ግድግዳውን ሰጠውና ገላናን እግሩን አንስቶ ሳለው፤ ከሥሩም «በቅርብ ቀን» ብሎ ጻፈ። በጠመኔ አልጻፈውም፤ በዘይት ቀለም ነው።

ካሜራ ያለው በሠርግ ወራት የሚመጣ አንድ ቀራጭ ብቻ ነበር። ካሜራው እሽኮኮ እንዳሉት ሕፃን ትከሻው ላይ የሚቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ጊዜ እናስመጣው እንዳንል አቅም የለም። ዲሪባና ይመር አንድ ዘዴ አገኙ። የሠርግ ካሴት የሚገዛው የሙሽሮቹ ቤተሰብ ነው፤ ሠርጉ ተቀርጾ ሲያልቅ ደግሞ መጨረሻው ላይ ባዶ ክር ይተርፋል። ሙሽራዋ ከፈቀደች በዚያ ትራፊ ላይ ገላናን ይቀርጹበታል። ገላናን የሚሆነው ይመር ነው፤ ምክንያቱም ረዳት ነው፣ መዝለል ይችላል፣ ኤንትሬውም አለ፤ አጃቢዎቹን የሚጭነው እሱው ስለሆነ። ባላጋራ ለመሆን የሚዜዎቹ ብዛት ይበቃል፤ ሱፋቸውን እንደለበሱ ይወድቃሉ። መጀመሪያ ሰው ግራ ገባው። ኋላ ግን ሙሽሮቹ ራሳቸው «ገላና የእኔ ካሴት ላይም ይግባ» ማለት ጀመሩ።

ችግሩ ሽማግሌዎቹ ነበሩ። በሠርግ ካሴት ላይ ጠብ አይቀረጽም አሉ። አርጆ ላይ የሙሽራው እናት «በልጄ ካሴት ላይ ማንም ማንንም አይመታም!» ብለው ካሜራው ፊት ቆሙ። ምን ይደረግ? ገላና እግሩን ገና ሲያነሳ ሚዜዎቹ በራሳቸው ወደቁ። ጊምቢ ላይ ደግሞ የሙሽራዋ አባት «በእኔ ደጅ ሁለት ሰው ተጣልቶ ሳይታረቅ አይሄድም» አሉ፤ ስለዚህ ገላና በታሪኩ ሁሉ የሚያሳድደውን ሽፍታ በፊልሙ መሀል ላይ አቅፎ ሳመው። ዲሪባ ራሱን ይዞ፣ «ከታረቀ በኋላ ምን ላድርገው? ፊልሙ አለቀ እኮ!» እያለ ነበር። ይመር «እንደገና እናጣላቸዋለን፤ ሠርግ መች ያልቃል» አለው።

የእኔ ሠርግ ደረሰ። የተከራየሁት ቬሎ እጅጌው የተነፋ፣ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘ ነበር። ጸጉሬን ሲያቃጥሉት ዋሉ፤ ኪቦርዱ ከጠዋት ጀምሮ አላቋረጠም። አመሻሹ ሳይደርስ፣ ገና ፀሐይ እያለ፣ ይመር ኤንትሬው ጣራ ላይ ወጣ። እኔ ቬሎዬን ሰብስቤ ታች ቆሜያለሁ። ሸሚዙን አውልቆ አጠፈ። ዘለለ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰማዩ ከጀርባው እንደነበር ነው። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሙሽራዋ ባሏን ትታ ወንድሟን ታያለች» ብሎ ሲቀልድብኝ ኖረ።

መልስ ካለፈ በኋላ ካሴቴን ቪዲዮ ቤት ወስደን አየነው። ሠርጉን አሳልፈው መጨረሻውን ብቻ ነው ያሳዩት። ያን ቀን እኔም ገባሁ፤ ማን ምን ይለኛል፣ የገላና እህት ነኝ። ፉጨቱና ጩኸቱ ቤቱን ሊያፈርሰው ነበር፤ ከካሴቱ የወጣ አንድ ድምፅ አልሰማሁም። ሲወጡ ሁሉም ይመርን ትከሻው ላይ እየመቱ «ሙሉው መቼ ነው?» ይሉታል። «በቅርብ ቀን!» ይላል ግድግዳውን እያሳየ።

ሙሉው የት ነበር? ማንም ያላሰበው ይህን ነው። ትራፊው ክር የሙሽሮቹ ነው፤ ሙሽራ ደግሞ ካሴቷን ይዛ ወደ ባሏ ቤት ትሄዳለች። አንዱ ጠብ አርጆ፣ ዕርቁ ጊምቢ፣ ዝላዩ እኔ ቤት፣ የመጨረሻው ፍልሚያ አንገር ጉቲን ነበር። ቀራጩ «የሠርግ ወራት ሲያልፍ ሰብስቡልኝ፤ አንድ ላይ እቀዳዋለሁ» ብሎ ነበር። ሊሰበስቡ ሲሄዱ የአርጆው ባል በትራፊው ላይ የእግር ኳስ ቀርጾበታል። የጊምቢዋ ሙሽራ አገር ቀይራለች። ዲሪባ ተስፋ ቆረጠ፤ ይመር አልቆረጠም። «መጨረሻው ካለን ይበቃናል፣ ሌላውን እንደገና እንሠራዋለን» አለ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ኤንትሬው በቆሎ ሊጭን አንገር ጉቲን ወረደ። የዚያን ወራት ቆላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። የወባ ክኒን በኪሱ አደረግሁለት፣ አጎበሩን አጥፌ ከወንበሩ ኋላ አስቀመጥኩለት። «ጭነታችሁን ይዛችሁ በዚያው ቀን ተመለሱ» አልኩት። «እሺ እታለም፣ ካሴቱን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። መኪናው ተመለሰ፤ እሱ ቀረ። ካሴቱን ሙሽራዋ ለሌላ መንደር አውሳው ስለነበር እስኪመለስ ልጠብቅ ብሎ። አጎበሩ ከመኪናው ጋር መጣልኝ። በሌላ መኪና ተጭኖ ሲደርስ ሰውነቱ እሳት ነበር፤ እጁ ላይ ካሴት አልነበረም። ሆስፒታል አስገባነው። ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል አሉን። ባኬ ጃማ ለቅሶ የተቀመጡት ጎረምሶች ኩንግፉ ጫማቸውን ከበር ውጭ ደርድረው ነበር፤ ያ ድርድር እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ የእኔን ካሴት ማንም አልነካውም። የዚያን ጊዜ ማጫወቻ ክር ይበላ ነበር፤ የስንቱ ሠርግ እንደ ስፓጌቲ ተጎልጉሎ ሲወጣ አይቻለሁ። ስለዚህ በፌስታል ጠቀለልኩት፣ በላዩ ሌላ ፌስታል፣ በላዩ ፎጣ። ናፍታሊን ጨመርኩ። ቤት ስንቀይር በእቅፌ ነው የወሰድኩት። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ ልብስ መሸጫ ሆነ፤ ግድግዳውን ነጭ ቀቡት። ክረምት ላይ ግን ነጩ ሲርስ የዲሪባ ቀለም ከሥር ይታያል፤ የተነሳ እግር፣ ከዚያ «በቅርብ»። በዚያ በኩል ላለማለፍ ዞሬ ነው ገበያ የምሄደው።

ይህን ሁሉ ለኢፋ አልነገርኩትም። «ማጫወቻው ይበላዋል» ብቻ አልኩት።

«እማ፣ አሁን የሚሠሩት ሰዎች ያውቁበታል።»

«እናንተስ ከምን ላይ ነው የምትዘሉት?»

ሌሊሴ ናት የመለሰችልኝ። «ፍራሽ አንጥፈን ነው፣ አዴ። እኔ ነኝ የምዘለው፣ ገላና እኔ ነኝ። የወንድምዎን አዘላለል አይቼ እንደሳቸው ልዝለል ብዬ ነው።»

ኢፋ ወለሉን እያየ፣ «ኤሱማዬን እኔ አይቼው አላውቅም» አለ፤ አጎቱን ይመርን ማለቱ ነው። «ገላናን ሁሉም ያውቀዋል። እሱን ግን ከቤታችን ያየሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሳጥኑን ከፈትኩ። ግን ከእጄ አይወጣም አልኳቸው፤ እኔው ይዤው እሄዳለሁ።

በማግስቱ ካሴት ወደሚገለበጥበት ሱቅ በባጃጅ ሄድን። ዝናብ ነበር፤ ካሴቱን ከነጠላዬ ውስጥ ያዝኩት። ዲሪባ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሸምግሏል። ታፔላ አሁን በኮምፒውተር እየታተመ ነው የሚሰቀለው፤ ብሩሽ ከያዘ ቆይቷል። ሌሊሴን ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «አንቺ ነሽ ገላና? እኔን ይመርጡኛል ብዬ ከጠዋት ጀምሬ ጉልበቴን ሳሽ ነበር እኮ» አላት። ሳቅን። ሱቁ ውስጥ ገብተን በአንድ አግዳሚ ተደርድረን ተቀመጥን፤ ልክ እንደ ድሮው ቪዲዮ ቤት።

የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጠው ልጅ ፌስታሎቹን ፈታ። ክዳኑን ከፍቶ በመብራት ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ክሩ ጠርዝ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር አለ።

«ሻግቷል እናቴ። የት ነበር የተቀመጠው?»

«በፌስታል። በፎጣ። ሳጥን ውስጥ…»

«ፌስታሉ ነው። እርጥበቱን አፍኖ ይዞበት። አየር ቢያገኝ ይሻለው ነበር።» ክፉ ሊለኝ ፈልጎ አይደለም፤ ልጁ ሥራውን ነው የተናገረው። ኢፋ እጄን ያዘኝ። እኔ የማስበው ፎጣውን ነበር። በየዓመቱ አጥቤ፣ አድርቄ፣ መልሼ እጠቀልለው ነበር። ፌስታሎቹን ፈትቼ አላውቅም።

ልጁ በጥጥ እየጠረገ ብዙ ለፋበት። ከዚያ አጫወተው። ቴሌቪዥኑ ላይ ነጭና ጥቁር ነገር ይፈላል፣ እንደ በረዶ ይወርዳል። አንዳንዴ የሆነ ጥላ ያለፈ ይመስላል፤ ሁላችንም ወደፊት እንሳባለን፤ ይጠፋል። ሌሊሴ ማያው ላይ ልትለጠፍ ደረሰች። ልጁ ወደ መጨረሻው አሳለፈው፤ ያው ነው። «ምስሉ ሞቷል» አለ። ዲሪባ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ለስንት ዓመት የጠበቀው ይህን ነበር፣ አንድ ጊዜ እንኳ ደግሞ ማየት።

«ድምፁ ግን ያለ ይመስለኛል» አለ ልጁ፣ ከፍ አደረገው።

መጀመሪያ ኪቦርድ መጣ፣ ከሩቅ። የሰው ጫጫታ። የኤንትሬው ሞተር። ከዚያ አንዲት ሴት ልጅ፣ ድምፀ ቀጭን፣ ከሁሉ በላይ ትጮኻለች፤ «ቀስ በል! ይመር፣ ቀስ በል እንዳትወድቅ!»

ኢፋ ዞሮ አየኝ። እኔ ያች ልጅ ማን እንደሆነች ለማወቅ ጊዜ ፈጀብኝ።

ከላይ በኩል የወንድ ድምፅ መለሰ፣ እየሳቀ። «ዝም በይ እታለም! ካሜራው ይሰማሻል! ገላና እህት የለውም እኮ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ካሴቱ ውስጥም፣ አግዳሚያችን ላይም። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ መሬት ላይ አንድ ከባድ ነገር ሲያርፍ ጓ አለ። እንደገና ያች ልጅ፣ አሁን ጩኸቷ ጠፍቷል፤ «ይመር? … ይመር?»

«ደህና ነኝ እታለም። ምንም አልሆንኩም።»

ክሩ ሽው ማለት ጀመረ፤ ያለው ይኸው ነው። ልጁ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

«ድገመው» አልኩት።